የአባባ ካሮትና የተዘለለው መስመር

ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ አንዳንዴም ለምቀናብሽ እህቴ ለሚጡ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ አንሶላ ስታነሺ ይወጋኛል ያልሽው ጎንሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ያቺ ጥርሷን የምትነቅል ልጅሽስ ስንተኛው ላይ ደረሰች? የማጠቢያ ክፍሉ ሙቀት አሁንም እንደዚያው ነው ወይስ መስኮቱን ከፈቱላችሁ? እኛ አለን። አባባ አለ፣ አክስታችን አለች፣ እኔም አለሁ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አባባ ግን ያላረጋገጥሽውን ቃል ወረቀት ላይ አታስፍሪ እያለ ስላሳደገን፣ አለን ማለቱ ይበቃል።

ይሄን ሁሉ ወረቀት ከምትፈጂ ለምን በስልክ አትነግሪኝም ትይ ይሆናል። በየትኛው ስልክ፣ ሚጡዬ? ዘመናዊውን ስልክ የላክሽው ለአባባ ነው። የእኔዋ ባለ ቁልፍ ናት፤ ደውሎ ከመዝጋት ሌላ አታውቅም። ለእኔ የደረሰኝ ሻሽ ነበር። ሻሹ ያምራል፣ አላማሁትም። የአንቺ መልእክት በመጣ ቁጥር ደግሞ አባባ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሳሎን ውስጥ ያሰማናል። አክስታችን ከጓዳ ትጠራለች፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንም ካለች ትቀመጣለች። "በሉ እሺ ቻው" ያልሽውን እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የምንሰማው። እኔ የምነግርሽ ሳሎን ውስጥ የሚሰማ ነገር አይደለም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ እሁድ ወደናንተ ስለምትመለስ ይሄን በእጇ ትሰጥሻለች።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሻለሁ። ድሮም እቀናብሽ ነበር፣ ያሁኑ ግን አንጀቴን የሚልጥ ነው።

የአባባን የዓይን ጠብታ ታውቂያለሽ። የዓይን ግፊት አለበት ከተባለ አራት ዓመቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀን ሳላጎድል የማደርግለት እኔ ነበርኩ። ሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቴ ከፍ አደርጋለሁ፣ አንድ ጠብታ ለግራ፣ አንድ ጠብታ ለቀኝ። ከዚያ ጨፍኖ እስከ ስድሳ እንቆጥራለን። እኔ ስቆጥር እሱ ያወራኛል። ስለ እማማ ወጣትነት፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ፣ አንድ ጊዜ የሚኒስትር ማዕረግ ላይ አንድ ፊደል አምልጦት ሦስት ቀን እንቅልፍ እንዳጣ። ዓይኑን ገልጦ ያላወራኝን ሁሉ ጨፍኖ ነግሮኛል። ያቺ ደቂቃ የእኔና የሱ ነበረች፤ አንቺ አልነበርሽባትም። ይሄን ያህል ነበር ያለኝ።

አንቺ ደግሞ ያንን ቪዲዮ ላክሽለት።

ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፤ በቀን ስንቱን እንደምትልኪ አንቺ ታውቂያለሽ። ሃምሳ ሰከንድ የማይሞላ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ጠብታውን ተዉት፣ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ የካሮት ጭማቂ ጠጡ፣ በአርባ ቀን ዓይናችሁ ይጠራል ይላል። በቃ፣ ያ ነው። ከላዩ ላይ ብዙ ጊዜ የተላለፈ የሚል ምልክት አለው፤ ማለት አንቺም ከሌላ ነው ያገኘሽው፣ ያም ከሌላ። ከስሩ በራስሽ እጅ ሦስት ቃል ጻፍሽበት፤ "አባባዬ ይሄን ሞክረው።"

በማግስቱ ጠዋት ጠብታውን ይዤ ስሄድ አባባ እጁን አነሳብኝ። ይቅር፣ ሚጡ ሌላ ነገር ልካልኛለች አለኝ። ጓዳ ውስጥ አክስታችን እጅጌዋን ሰብስባ ካሮት ትፍቃለች። ሰውዬው ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። መቼ ነው የተናገረው? ጠብታ ያዘዙልህን ሐኪም ጠይቀሃል? ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ "ልጄ እኮ የምትሠራው ሆስፒታል ነው።"

ይቅር በይኝና፣ እኔም መለስኩለት። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ነው የምታጥበው አልኩት። አንሶላ ያጠበ ሁሉ የዓይን ሐኪም ከሆነ፣ እኔም የፍርድ ቤት ማመልከቻ ስለምተይብ ዳኛ ነኝ አልኩት። አክስታችን ካሮቱን ትታ ወጥታ ምላስሽን ሰብስቢ አለችኝ። አባባ ብርጭቆውን እያየኝ ጨለጠው።

የሚያንገበግበኝ ማመኑ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሆነ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ የነበረ ሰው ነው። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም፣ ያሳተምኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ እያለ ሲያስቀን አልነበር? ዋናው ጽሑፍ አጠገቡ ሳይኖር አንድ ገጽ አሳልፎ አያውቅም። ሦስት ጊዜ አንብቦ ነው በቀይ እስክሪብቶ ከግርጌው "ይታተም" ብሎ የሚፈርመው፤ ያቺ ቃል ካልሰፈረች ማሽኑ አይነሳም ነበር። ሥራ ሲበዛበት ወደ ቤት ያመጣል፤ እኔ ዋናውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ እያልኩ፣ እሱ የታተመውን በጣቱ ይከተላል። አንቺ ጭኑ ላይ ተቀምጠሽ የእስክሪብቶውን ክዳን ታኝኪ ነበር። አንብቤ የደከምኩት እኔ፣ ታቅፈሽ የምታድሪው አንቺ።

አሁንም ያው ነው። እኔ ክሊኒኩ ቀን ቀይሯል ብለው አክስታችንን ልኮ ያስጣራል። አንቺ እዚያ ዘነበ ስትይ እሱ እዚህ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

በአንድ ወሩ መዳፉ ቢጫ ሆነ። ቀልዴን አይደለም፣ እንደ ካሮቱ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በሽታው እየወጣ ነው አለች። አክስታችን ጉበቱ ነው ብላ ተጨነቀች። እሱ ግን ሁለቱን መዳፎቹን ዘርግቶ ሊያሳየኝ መጣ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ መስሎ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፤ አራሚ ቤት ተወልዶ መዋሸት አይቻልም። ማመልከቻ በምተይብበት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀን የካሮት ጭማቂ ዓይኑን ያጠፋው ሰው የሚል ነገር አገኘሁ። ሁለት ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ሰው ፎቶ አለበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። በሰው ዓይን መጥፋት ደስ አለኝ፣ ሚጡ። ማን እንደጻፈው አላየሁም፣ ቀን እንዳለው አላየሁም፤ የጽሕፈት ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ በቀለም አትሜ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ፣ እየበረርኩ ቤት ገባሁና አባባ ፊት አስቀመጥኩት።

አባባ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ማን ጻፈው አለ። አላውቅም። መቼ? አልተጻፈም። ዋናው የት አለ? የለኝም። ከዚያ ፎቶውን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ ብዙ ቆየና ሳቀ። አንገቱ ላይ ያለው ምንድን ነው አለኝ። ባየው የበያጅ ጥቁር መነጽር ነው፣ በጎማ ተንጠልጥሎ። ጀርባው ላይ ደግሞ የብረት በር ተደግፏል። ሰውዬው ሲበይድ ነው ዓይኑ የተቃጠለው፤ ካሮት ቀምሶም አያውቅ ይሆናል። እሱ በታመመ ዓይኑ ያየውን እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይኔ አላየሁም። ለምን? እንዲሆን ፈልጌ ነዋ። አንቺ እንድትሳሳቺ ከአባባ መዳን በላይ ፈልጌ ነበር። ይሄን ለራሴ ያመንኩት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ግን እልህ ብቻ ነበር የያዘኝ። እኔን ፊደል በፊደል ታርማለህ፣ እሷን ግን ሳታይ ታሳልፋለህ ብዬ ጮህኩበት። አክስታችን ሰው ሰማ ብላ መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ተኮራረፍን። ነገር ግን ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም። በግራ በኩል ያለውን ስኒ በክንዱ ይገፋዋል። ግራ ትከሻው የበሩን ጠርዝ ይመታል። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በግራው መጥታ እንደምን አደሩ ስትለው ዘሎ ደነገጠ። ምን ሆንክ ስለው በሩ ጠቧል አለኝ። በር ይጠባል እንዴ?

እልሄን ዋጥኩ። ቪዲዮው አርባ ጊዜ ሳሎን ውስጥ ስለተከፈተ ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከአባባ ስልክ ላይ አቁሜ ሳየው የሰውዬው ጋውን ኪስ ላይ የተጠለፈ ጽሑፍ አለ፤ የአንድ የዓይን ሆስፒታል ስም ነው። በወረቀት ገልብጬ ያዝኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ባለጉዳይ ሁሉ ሲበተን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሆስፒታሉ አለ። ሰውዬውም አለ፤ ከነፎቶው፣ ከነማዕረጉ፣ እውነተኛ የዓይን ሐኪም ነው። ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ተናደድኩ። አታላይ እንዲሆንልኝ ስመኝ ነበር፤ እውነተኛ ከሆነማ አንቺ ልክ ነሽ፣ ድሉም የአንቺ ነው። ኮምፒውተሩን ልዘጋው እጄ ሄዶ ነበር። ብዘጋው ኖሮ አባባ እስከ ዛሬ ካሮቱን ይጠጣ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ አንድ ባለጉዳይ ፎቶ ኮፒ ልትል መጣችና አቋረጠችኝ። ስመለስ ገጹ እንደተከፈተ ነው። እዚያው የሰውዬው ሙሉ ንግግር ተቀምጧል፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ያንኑ ጋውን ለብሶ፣ ያችኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ ቃል በቃል ጻፍኩት፣ ከዚያ ሁለቱንም በትልልቅ ፊደል ተየብኩ።

ቤት ስገባ አልጮህኩም። አባባ፣ እርማት አምጥቻለሁ ብቻ አልኩት። ስንት ዘመኑ ነው ይህን ቃል ከሰማ! ቀና አለ። ቀይ እስክሪብቶውን ከመሳቢያ አስፈለገ፣ አጉሊ መነጽሩን ጠረገ። አንቺ የላክሽለትን እሱ ያዘ፣ ዋናውን እኔ። እንደ ድሮው ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

"ጎረቤታችሁ እንዲህ ሊላችሁ ይችላል፤ ጠብታውን ተዉት፣ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ የካሮት ጭማቂ ጠጡ፣ በአርባ ቀን ዓይናችሁ ይጠራል። እንዲህ የሚላችሁን አትስሙ። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ወደ እኔ የሚመጡት ይሄን ሰምተው ጠብታቸውን የተዉ ናቸው።"

ጣቱ ቆመ። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። ዋናውን ራስሽ አይተሽዋል አለ። በዓይኔ በብረቱ አልኩት። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ከጽሑፉ በላይ አንድ ምልክት፣ ከጽሑፉ በታች አንድ ምልክት አደረገ፤ የጎደለ መስመር ሲያገኝ የሚያደርጋትን ያቺን ምልክት። "ዝላይ አለ። ከላይም ከታችም" አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አደረገና ጠብታውን አምጪ አለኝ።

አደረግኩለት። መቁጠር ጀመርኩ። ሃምሳ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ጨፍኖ እንዳለ "አራሚን የሚጥለው የማያውቀው ቃል አይደለም፤ የለመደው ነው" አለ። ስድሳ ስል ዓይኑን ገለጠ።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ መጀመሪያ መዳፉን አይተው ካሮት ነው አሉ፣ ሲተው ይለቃል፣ አያሰጋም። ዓይኑን ካዩ በኋላ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። አሥራ አንድ ሳምንት ያለ ጠብታ ቆይቷል። ቀኙ እንዳለ ነው። ግራው ግን ከዳር ከዳሩ ተበልቷል፤ አሁን የሚያይበት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያዩት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አሉን። አባባ ራሱን ነቀነቀና አመሰገናቸው።

ስንመለስ ክንዴን ይዞ በግራው በኩል አስቆመኝ፤ ከእንግዲህ ግራው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለሚጡ እንዳትነግሪያት። እዚያ ሆና ቢጸጽታት ማን ያባብላታል?" አለኝ። እኔንስ ማን ያባብለኝ? አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ይዤ ቆሜ የተመለስኩት እኔ። ዓይኑን ያጣው ሰው ለአንቺ ሆድ ይብሰዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ይኸው ግን ነገርኩሽ። ግማሹን የነገርኩሽ ለቅናቴ ነው፤ አልዋሽሽም፤ አንቺም አንድ ቀን ሆድሽን ይብላሽ ብዬ ነው። ግማሹን ግን ለአባባ ቀኝ ዓይን ብዬ ነው። እኔ የምነግረውን ያርማል፤ አንቺ የላክሽውን አያርምም፣ ወደፊትም አያርምም። እንደዚያ ነው የተፈጠረው። ስለዚህ ከመላክሽ በፊት አንቺ ራስሽ አርሚው። ማን እንዳለው እይ፣ መቼ እንዳለው እይ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን እንደነበረ ፈልጊ፣ በተለይ ደግሞ ደስ ያለሽን ነገር ጠርጥሪ፤ እኔን በያጁ አስተምሮኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ የምንስቅ ነበርን። ማጣራት ካልቻልሽ ድምፅሽን ብቻ ላኪለት፤ ለእሱ እሱ መድኃኒቱ ነው። እንደነገርኩሽም አታስመስዪበት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ጎንሽን ያሽልሽ። ልጅሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የነቀለችውን ጥርስ አያቷ ሊያየው ስለሚፈልግ በልብስ ሰፊዋ ልጅ ትላክለት። አክስታችን በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ካሮት ማየት አስጠልቷታል፣ የተረፈውን ለጎረቤት አድላዋለች። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች፣ ልጇን ተቀብለሽ አሳርፊያት።

ቅዳሜ ጠዋት የጨመርኩት፤ አባባ ሳላሽገው አንብቢልኝ አለ። ከዚህ ቤት ሳያርመው የወጣ ደብዳቤ እንደሌለ ታውቂያለሽ። አጠገቡ ተቀምጬ ሰላምታውን አነበብኩለት፣ ከዚያ የዘለልኩትን ዘልዬ ስለ ልጅሽ ጥርስ፣ ስለ አክስታችን፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ አነበብኩና ጨረስኩ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጨፍኖ ነበር የሚሰማኝ። ስጨርስ "ስድስት ገጽ ገለጥሽ። ያነበብሽልኝ የአንድ ገጽ ነው" አለኝ።

ዋናውን አምጪ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። እጁን ዘርግቶ ቀይ እስክሪብቶውን ጠየቀ፣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ የት እንደሆነ ጣቱን ይዤ አሳየሁት፣ ጻፈ። ትንሽ ተጣሟል፤ ከግራ በኩል ሲጀምር መስመሩ ስለማይታየው ነው። ይሄን እሱ ከጻፈው በላይ በተረፈው ቦታ አጣብቤ የምጽፍልሽ አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በሕይወቱ ሳያይ ያሳለፈልኝ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይሄ ነው። ሳይታረሙ መታመን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፣ ሚጡዬ፤ አንቺ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?

እህትሽ ትልቋ

ከቤታችን፣ ከአባባ ሶፋ በስተግራ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ያለቀ

ይታተም።